የእናት ሐረግ በስሜን ተራሮች
ስለ ዝንጀሮና ስለ ጭላዳ ዝምድና የተሰጠ የሕዝብ ትምህርት



ከደባርቅ ተነሥቶ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ድብ ባሕር የሚወርድ መንገደኛ፣ ከደጋው ውርጭ ወደ ቈላው ሐሩር በአንድ ቀን ሲሻገር፣ ገብሱ በማሽላ፣ የደጋው ሣር በግራርና በቍጥቋጦ እየተተካ እንደሚሄድ ሁሉ፣ በገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጦ ሣር ሲነጭ ያየው ጭላዳም ወደ ታች በወረደ መጠን እየራቀ፣ ስፍራውን አፉ ለሾለው፣ ሥርም ፍሬም ነፍሳትም ለሚበላው ለሌላው ዝንጀሮ ሲለቅለት ያስተውላል። ይህን ልዩነት የሚነግራችሁ ሰው አያስፈልጋችሁም፤ ከማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ እሸት የጠበቀ የዚህ አገር ልጅ ሁሉ ሁለቱን ገና በሩቁ በአካሄዳቸውና በጩኸታቸው ይለያቸዋልና። እኔ ዛሬ ልናገር የመጣሁት ግን ዓይን ስለማያየው ዝምድናቸው ነው። ይኸውም እነዚህ ፍጥረታት በእናታቸው በኩል ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ፣ በሥጋቸው ሕዋስ ውስጥ የተጻፈ የትውልድ መዝገብ ያላቸው መሆኑ፣ ይህም መዝገብ በተነበበ ጊዜ ከጠጕራቸው ቀለምና ከጎፈራቸው ርዝመት ይልቅ የቆሙበትን ምድር ታሪክ የሚናገር ሆኖ መገኘቱ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በስሜን ተራሮችና በግርጌያቸው ሦስት ዓይነት የዝንጀሮ ወገን ይኖራል። አንደኛው ጭላዳ ነው። ሁለተኛው፣ ከማሊ ጀምሮ እስከ ኢትዮጵያና እስከ ታንዛኒያ ድረስ ተዘርግቶ የሚገኘው፣ ጠጕሩ ወይራማ መልክ ያለው፣ ሊቃውንት አኑቢስ የሚሉት ነው። ሦስተኛው ደግሞ፣ ወንዱ ከትከሻው ላይ እንደ ካባ የሚወርድ ግራጫ ጎፈር የለበሰው፣ በኢትዮጵያ፣ በኤርትራ፣ በጅቡቲና በሶማሊያ ደረቅ ምድር፣ እንዲሁም ከቀይ ባሕር ማዶ በየመንና በሳዑዲ ዐረቢያ የሚኖረው ሐማድርያስ ነው። ጭላዳን ለአውሮፓ ሊቃውንት በጽሑፍ ያስታወቀው፣ በ1830ዎቹ መጀመሪያ ወደ አገራችን መጥቶ እስከ ስሜን ድረስ የዘለቀው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። በ1835 ባወጣው መጽሐፍ ዋልያንም ጭላዳንም ገልጾ ጽፏል፤ ነገር ግን ጭላዳን ማካከስ ከሚባሉት ከእስያ ጦጣዎች ወገን አድርጎ ስለ ቈጠረው፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሌሎች ሊቃውንት ከዚያ አውጥተው ቴሮፒቴከስ በሚል ለብቻው በተሰየመ ወገን አኖሩት። አኑቢስና ሐማድርያስ ግን ፓፒዮ በሚባለው በአንዱ ወገን ውስጥ ናቸው።

ጭላዳ ሲበላ በቅርብ ያየ ሰው ለምን ለብቻው እንደ ተቈጠረ ያለ አስተማሪ ይረዳል። በመቀመጫው ላይ ተደላድሎ፣ ሁለቱን እጆቹን እያፈራረቀ፣ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ የሣሩን ቅጠል አንድ በአንድ ይነጫል፤ መዳፉ ሲሞላ ወደ አፉ ይከታል፤ በዙሪያው ያለው ሣር ሲያልቅም ብድግ ሳይል በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ወደ ፊት ፈቀቅ ይልና ያንኑ ሥራውን ይቀጥላል። በጋው በርትቶ ሣሩ ሲደርቅ ደግሞ በዚያው ጣቱ መሬቱን ቈፍሮ ሥር ያወጣል። ዛሬ በሕይወት ካሉት የጦጣና የዝንጀሮ ወገኖች መካከል ኑሮውን በሣር ላይ የመሠረተ ከእርሱ በቀር አይገኝም። የአገራችን ሰው «መጀመሪያ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ» እያለ የሚተርተው ተረት ከሁሉም ይልቅ ለጭላዳ የሚስማማ ይመስለኛል፤ ቀኑን አብዛኛውን ተቀምጦ ስለሚውል፣ በሌሎች ዝንጀሮዎች ዘንድ በመቀመጫ ላይ የሚታየው የቅላት ምልክት በእርሱ ዘንድ ወደ ደረት ወጥቶ፣ በወንዱም በሴቷም ደረት ላይ ጠጕር አልባ ቀይ ቆዳ ሆኖ እንደሚታይ ብዙ ሊቃውንት ይናገራሉና። ሴቷ ለእርግዝና በምትዘጋጅበት ወራት በዚያ ቀይ ቆዳ ዙሪያ እንደ ዶቃ የተደረደሩ ጕብታዎች ያብጣሉ።

ጭላዳ ዛሬ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ በዱር የሚኖርበት ስፍራ የለውም። ወገኑ ግን እንዲህ ጥቂት አልነበረም። በኦሞ ሸለቆ፣ በአፋር በሐዳር፣ በኬንያ በኦሎርጌሳይሊ፣ ከዚያም አልፎ በደቡብ አፍሪካና ከአፍሪካም ውጭ እስከ ሕንድና እስከ ስፔን ድረስ የወገኑ አጥንት ከምድር ውስጥ ተገኝቷል፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ ከዛሬው ጭላዳ እጅግ የገዘፉ ነበሩ። ሁሉም ጠፍተው፣ ከዚያ ታላቅ ነገድ የቀረው ይህ በእናንተ ደጃፍ ያለው ብቻ ነው። የጭላዳ ወገንና የፓፒዮ ወገን ከአንድ ግንድ የተለያዩበት ዘመን በአጥንቱም በዘሩም ምርመራ ከአራት እስከ አምስት ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደሚሆን ይገመታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሥጋ ለባሽ ሁሉ የተሠራው ከሕዋሳት ነው። በሕዋስ መካከል አስኳል አለ፤ በአስኳሉም ውስጥ ግማሹ ከእናት ግማሹ ከአባት የመጣው የዘር ጽሕፈት፣ ዲኤንኤ የሚባለው፣ ክሮሞሶም በሚባሉ ጥንዶች ተጠቅልሎ ይገኛል። ከአስኳሉ ውጭ ግን ሚቶኮንድሪያ የሚባሉ እጅግ ደቃቅ ክፍሎች አሉ፤ ሥራቸውም ከምግብ የተገኘውን ሕዋሱ ሊጠቀምበት ወደሚችል ኀይል መለወጥ ነው። በ1963 ማርጊት ናስና ሲልቫን ናስ የተባሉ ባልና ሚስት በስቶክሆልም ሆነው እነዚህ ደቃቅ ክፍሎች ከአስኳሉ የተለየ የራሳቸው ዲኤንኤ እንዳላቸው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አዩ። ይህ ጽሕፈት አጭር ነው፤ በሰውም በዝንጀሮም ርዝመቱ ወደ 16,500 ፊደል ገደማ ሲሆን፣ የያዛቸውም ዘረ መሎች 37 ብቻ ናቸው። አጭርነቱ ግን አያስንቀውም፤ ከአስኳሉ ጽሕፈት ይልቅ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ፣ በአንድ ሕዋስም ውስጥ ብዙ ቅጂ ስላለው፣ ከጥቂት ናሙና እንኳ ሊነበብ ይችላል።

ከሁሉም የሚበልጠው ባሕርዩ ግን ከእናት ብቻ መውረሱ ነው። ከአባት የመጣው ሚቶኮንድሪያ ከእንቍላሉ በገባ ጊዜ ይጠፋል። ስለዚህ ወንዱም ሴቷም የእናታቸውን ይይዛሉ፤ ወደ ልጆቿ የምታሳልፈው ግን ሴቷ ብቻ ናት። በቀድሞው ዘመን በዚህ አገር የርስት ሙግት የተሟገታችሁ ወይም ስትሰሙ ያደጋችሁ አባቶች ይህን ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ፤ ርስት የሚጠይቅ ሰው ትውልዱን በእናቱም በአባቱም በኩል ቈጥሮ አንዱን አቅኚ አባት ከደረሰበት ድርሻው ይታወቅለት ነበር። የሚቶኮንድሪያው ቈጠራ ግን ከዚህ ሁሉ መንገድ አንዱን ብቻ ይይዛል፤ ከእናት ወደ እናት እናት፣ ከእርሷም ወደ እናቷ፣ አንድም ወንድ ሳይገባበት እስከ አንዲት አቅኚ እናት ይወጣል። ሁለት እንስሳት በዚህ ጽሕፈት ውስጥ ያላቸው ልዩነት ጥቂት ከሆነ የጋራ እናታቸው ቅርብ ናት፤ ብዙ ከሆነ ግን ሩቅ ናት። በ1987 ርብቃ ካን፣ ማርክ ስቶንኪንግና አለን ዊልሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ ቈጠራ ከልዩ ልዩ የዓለም ክፍል በመጡ ሰዎች ላይ አድርገው የሰው ሁሉ የእናት ሐረግ ሥር በአፍሪካ መሆኑን ባስታወቁ ጊዜ ብዙ ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ ዛሬ ግን ነገሩ ጸንቷል።

እንስሳውን ሳይዙና ሳያቈስሉ ይህን ጽሕፈት ማግኘት መቻሉም ደስ የሚያሰኝ ነው። ተመራማሪው መንጋውን ከጧት ጀምሮ ይከተላል፤ ጭላዳው ከተቀመጠበት ተነሥቶ ሲሄድ ገና ትኵስ የሆነውን እዳሪ፣ ከውጫዊው ገጽ ላይ ትንሽ ወስዶ አልኮል ባለበት ጠርሙስ ይከታል፤ በኋላም ውሃ በሚመጥ እንክብል ያደርቀዋል። ምግቡ በአንጀት ውስጥ ሲያልፍ ከአንጀቱ ግድግዳ የተላጡ ሕዋሳት ከእዳሪው ጋር ስለሚወጡ፣ ከዚያች ኢምንት ነገር የእንስሳው የእናት ሐረግ ተለይቶ ይነበባል። ከተራራው ወደ ላቦራቶሪው የሚደርሰው ይኸው ብቻ ነው።

ይህ ንባብ በፓፒዮ ወገን ላይ በተደረገ ጊዜ ያልተጠበቀ ነገር ተገኘ። ዛሬ ሊቃውንት በአፍሪካ ስድስት ዓይነት ዝንጀሮ ይቈጥራሉ፤ ከሰሜን ምሥራቅ ሐማድርያስን፣ ከመካከለኛው ቀበቶ አኑቢስን፣ ከምዕራብ ጫፍ የጊኒን ዝንጀሮ፣ ከምሥራቅ ቢጫውን ዝንጀሮ፣ ከዛምቢያና ከአንጎላ አካባቢ በቁመቱ ከሁሉ የሚያንሰውን ኪንዳን፣ ከደቡብ ደግሞ ቻክማን ማለት ነው። እያንዳንዱ በጠጕሩና በራስ ቅሉ ከሌላው ስለሚለይ፣ የእናት ሐረጉም እንዲሁ በስድስት ይከፈላል ተብሎ ይታሰብ ነበር። ዲትማር ዚነርና ባልደረቦቹ ግን በ2009 ከመላው አፍሪካ የተሰበሰበውን ናሙና መርምረው ባሳተሙት ጽሑፍ የሐረጉ ዋና መለያየት በሰሜንና በደቡብ መካከል፣ ያም ከሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የሆነ መሆኑን፣ ከዚያም በታች ያሉት ቅርንጫፎች ከእንስሳው መልክ ጋር ሳይሆን ከስፍራው ጋር የሚሄዱ መሆናቸውን አሳዩ። የእኛ አገር አኑቢስ በእናቱ በኩል ከሩቁ ከምዕራብ አፍሪካ አኑቢስ ይልቅ ለጎረቤቱ ለሐማድርያስ ይቀርባል። በሰሜን ያለው ቢጫ ዝንጀሮ ከሰሜኖቹ ጋር፣ በደቡብ ያለው ቢጫ ዝንጀሮ ከደቡቦቹ ጋር ይቈጠራል። መልካቸው አንድ ሆኖ እናታቸው የተለያየች፣ መልካቸውም ተለያይቶ እናታቸው አንዲት ናት ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ሊሆን ይችላል? ምሥጢሩ ያለው በኑሯቸው ሥርዐት ውስጥ ነው። በአኑቢስና በብዙዎቹ ዝንጀሮዎች ዘንድ ሴቷ በተወለደችበት መንጋ ከእናቷና ከእኅቶቿ ጋር ትኖራለች፣ እዚያው ትወልዳለች፣ እዚያው ትሞታለች፤ ወንዱ ግን ለአካለ መጠን ሲደርስ ወጥቶ ሌላ መንጋ ይፈልጋል። እንግዲህ በአንድ አገር ያለ የዝንጀሮ ሕዝብ ድንበር ላይ ሌላ ዓይነት ወንዶች እየመጡ፣ በየትውልዱ ከዚያው ካሉት ሴቶች እየወለዱ ሺህ ዓመታት ቢያልፉ፣ የልጅ ልጆቹ ጠጕርና አጥንት፣ የአስኳሉም ጽሕፈት ቀስ በቀስ የመጤዎቹን አባቶች መልክ ይይዛል፤ የእናት ሐረግ ግን ሴቶቹ ከስፍራቸው ስላልተነቃነቁ የጥንቱ እንደ ሆነ ይቀራል። የሚታየው መልክ የአባቶችን ስደት፣ የማይታየው ሚቶኮንድሪያ የእናቶችን ጸንቶ መኖር ይናገራል።

ሐማድርያስ ከዚህ ሥርዐት ጥቂት ይወጣል። ስዊሳዊው ሐንስ ኩመር በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከድሬ ዳዋ በምዕራብ ባለው በኤረር ጎታ ሆኖ እንደ ተመለከተው፣ የሐማድርያስ ወንድ ሴቶቹን በዙሪያው ይሰበስባል፤ ከአጠገቡ የራቀችውንም አንገቷን ነክሶ ይመልሳታል፤ ገና ያልደረሰችውንም ከእናቷ ወስዶ ያሳድጋታል። ስለዚህ በእነርሱ ዘንድ ሴቷም ከቤት ትወጣለች፣ የእናት ሐረግም በመጠኑ ይጓዛል። ሁለቱ ሥርዐቶች የሚገናኙበት ስፍራ በአገራችን በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ከአዋሽ ፏፏቴ በላይ አኑቢስ፣ ወደ ታች ሐማድርያስ ይኖራል፤ በመካከል ከሁለቱ የተወለዱ ድብልቆች መንጋ መንጋ ሆነው ይገኛሉ። ክሊፎርድ ጆሊና ጄን ፊሊፕስ ኮንሮይ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ለብዙ ዘመን ያጠኗቸው እነዚሁን ነው። እንዲያውም ድንበሩ ከዚህም ይሰፋል፤ ሮቢን ደንባርና ባለቤቱ በ1974 ባሳተሙት ጽሑፍ ጭላዳና አኑቢስ፣ ወገናቸው ከአራት ሚሊዮን ዓመት በላይ የተለያየው ማለት ነው፣ በሸዋ በቦሌ ሸለቆ በዱር ሳሉ መዳቀላቸውን የሚያመለክት ነገር ማየታቸውን አስታውቀዋል።

ሆኖም የእናት ሐረግ አንድ ምስክር መሆኑን አንርሳ፤ አንድ ምስክር ብቻውን ደግሞ ለፍርድ አይበቃም። አባቱ ሐማድርያስ፣ እናቱ አኑቢስ የሆነ የአዋሽ ዝንጀሮ በሚቶኮንድሪያው ቢመረመር የሚታየው የእናቱ ሐረግ ብቻ ነው፤ የአባቱ ወገን አይታወቅም። ስለዚህ ጄፍሪ ሮጀርስና ብዙ ባልደረቦቹ የስድስቱንም ዓይነት ሙሉውን የአስኳል ጽሕፈት አንብበው በ2019 ባሳተሙት ጊዜ ትልቅ ረድኤት ሆነ፤ መደባለቁ በየዘመኑ የተደጋገመ መሆኑን፣ ኪንዳ የተባለውም ራሱ ከሰሜንና ከደቡብ የተገናኙ የሁለት ጥንታውያን ሐረጎች ልጅ መሆኑን መሰከረና።

ይህ የእናት ሐረግ ከስፍራው ጋር ተጣብቆ መኖሩ ለታሪክ ጸሐፊም ያልተጠበቀ ብርሃን ሰጥቷል። የጥንት ግብፃውያን ሐማድርያስን ቶት ለሚሉት የጥበብ አምላካቸው ቅዱስ አድርገው ያከብሩት፣ ሲሞትም ገንዘው ይቀብሩት ነበር፤ በግብፅ ምድር ግን ዝንጀሮ በዱር አይኖርም። እንግዲህ ከወዴት ያመጡት ነበር? መርከቦቻቸው ከፑንት እጣንና ዝንጀሮ ጭነው መመለሳቸው በጽሑፍና በሥዕል ይታወቃል፤ ፑንት የት ነው የሚለው ጥያቄ ግን ሊቃውንትን ለብዙ ዘመን ሲያከራክር ኖሯል። ጊዜላ ኮፕና ባልደረቦቿ በሉክሶር አጠገብ ካለው የዝንጀሮዎች ሸለቆ ከተገኙት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በስምንተኛውና በስድስተኛው ምዕት ዓመት መካከል ከኖሩት የተገነዙ ዝንጀሮዎች የአንዱን ሚቶኮንድሪያ አነበቡ፤ በ2023 እንዳስታወቁትም የእናቱ ሐረግ ዛሬ በኤርትራ ጠረፍና በአካባቢው ከሚኖሩት ሐማድርያሶች ጋር ተስማማ። ያ ምድር በኋለኛው ዘመን የአክሱም ነገሥታት ወደብ የነበረው የአዱሊስ ምድር ነው፤ ጸሐፊዎቹም ፑንትና አዱሊስ በዘመን የተራራቁ የአንድ አገር ስሞች ሊሆኑ ይችላሉ ወደሚል አሳብ ደርሰዋል። እኔ በበኩሌ ስለ ቀይ ባሕር ንግድ ከተጻፈው ሁሉ ይህን ያህል የነካኝ የለም፤ ከሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመት በፊት ከአገሩ ተወስዶ በባዕድ ምድር የሞተ እንስሳ እናቱ የነበረችበትን ጠረፍ በሥጋው ውስጥ ይዞት መቈየቱ ድንቅ ነውና። በዐረቢያ ያሉት ሐማድርያሶች ግን በሰው መርከብ የተሻገሩ አይደሉም፤ የእናት ሐረጋቸው ከየትኛውም የግብፅ ንግድ አስቀድሞ በራሳቸው እግር እንደ ተሻገሩ ያስረዳል።

ወደ ራሳችን ተራራ እንመለስ። በጭላዳም ዘንድ ሴቶቹ እናት፣ ልጅና እኅት ሆነው በአንድ ቤተሰብ ተቈራኝተው ይኖራሉ፤ ወንዱ ግን ከቤተሰቡ ወጥቶ ከወንደላጤዎች ጋር ከቈየ በኋላ የሌላውን ቤተሰብ አለቃ ተዋግቶ ይተካዋል። ስለዚህ በጭላዳ ዘንድ የእናት ሐረግና ምድር ተለያይተው አይታዩም። የአገራችን ደጋ ደግሞ ተከዜንና ዐባይን በመሳሰሉ ጥልቅ ሸለቆዎች የተቈራረጠ ነው፤ ሣር በላተኛውና ብርድ ለመዱ ጭላዳም ወደ ቈላው ወርዶ እንደ ልቡ አይሻገርም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ጉርጃ በላይና ጃፓናዊው አኪዮ ሞሪ በ1990 ባሳተሙት ጽሑፍ ከስምጥ ሸለቆው በስተ ምሥራቅ፣ በአርሲ በዋቢ ሸበሌ ወንዝ ገደል አቅራቢያ ቀድሞ በሊቃውንት ዘንድ የማይታወቅ የጭላዳ ሕዝብ መኖሩን አስታወቁ፤ በ2006ም የጭላዳዎቹን ሚቶኮንድሪያ ከየስፍራው እያነጻጸሩ ጻፉ። ከእነርሱ በኋላ ዚነርና ባልደረቦቹ በ2018 ሥራውን አስፋፍተው፣ ጭላዳ በእናት ሐረጉ በሦስት የተከፈለ መሆኑን አረጋገጡ፤ እነርሱም የስሜኑና የአካባቢው፣ የወሎና የሸዋው፣ የአርሲውም ናቸው። በሸዋ ከመንዝ ጓሳ ላይ ያለው ጭላዳና በስሜን ከሳንቃ በር ላይ ያለው ጭላዳ ለዓይን ወንድማማች ይመስላሉ፤ በእናቶቻቸው በኩል ግን ከእጅግ ረጅም ዘመን ጀምሮ ተለያይተዋል።

ከ2006 ጀምሮ በጃሲንታ ቢነርና በቶር በርግማን የተጀመረው የስሜን የጭላዳ ጥናት መንጋዎቹን በስምና በትውልድ እየለየ ሲከታተል ኖሯል፤ ከዚሁ ጥናት የተገኘውን ናሙና መሠረት ያደረገውና በ2022 የታተመው የመላው ጽሕፈት ንባብ ከእናት ሐረጉ የሚበልጥ ነገር አወጣ። የዝንጀሮ ወገን ሁሉ ክሮሞሶም 42 ነው፤ የመካከለኛው ደጋ፣ ይኸውም የወሎና የሸዋው፣ ጭላዳም እንዲሁ 42 አለው። የስሜኑ ጭላዳ ግን 44 ሆኖ ተገኘ፤ ሰባተኛው ክሮሞሶም በሁለት ተከፍሎ ለየብቻው ቆሟል። በዚያው ጥናት ጭላዳ ለከፍታው ኑሮ እንዴት እንደ ተበጀም ተመርምሯል፤ ደሙ ከቈላው ዝንጀሮ ይልቅ ኦክሲጅንን አጥብቆ የሚይዝ ሆኖ አልተገኘም፤ ደረቱ ግን ሰፊ ነው፤ ስለዚህ ሳንባው በዚያ ስስ አየር ብዙ እንዲስብ የተሰናዳ ይመስላል።

ሁለቱ ቍጥሮች፣ 42 እና 44፣ በተግባር ትልቅ ነገር ናቸው። ከሁለቱ ወገን የሚወለድ ልጅ 43 ክሮሞሶም ይኖረዋል፤ የራሱን ዘር በሚያዘጋጅበት ጊዜ አንዱ ሙሉ ክሮሞሶም ከሁለት ክፋዮች ጋር መጣመር ስላለበት ክፍፍሉ ሊዛባ፣ መውለዱም ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ የስሜን ጭላዳ ቢጠፋ ከመንዝ አምጥቶ መተካት አይቻልም፤ ቢተከልም የሚበቅለው ሌላ ነው። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ ሲገባ፣ በ2017ም ከዚያ መዝገብ ሲወጣ የሰው ሁሉ ዓይን በዋልያና በቀይ ቀበሮ ላይ ነበር፤ ጭላዳ ብዙ ስለሆነ የሚያሠጋ አልመሰለም። እኔ ግን ይህ አቈጣጠር መለወጥ አለበት እላለሁ። የኢትዮጵያ ጭላዳ ተብሎ በአንድ ድምር የሚጻፈው ቍጥር የሦስት እናቶችን ልጆች አንድ ላይ ስለሚያደባልቅ፣ አንዱ ወገን ሲመናመን የሌላው ብዛት ይሸፍነዋል። እርሻው ወደ ላይ በወጣ፣ የአየሩም ሙቀት በጨመረ ቍጥር ለጭላዳ የሚሆነው ሣር ወደ ተራራው ራስ እየጠበበ ይሄዳል፤ የገብስ ማሳውን ከጭላዳ የሚጠብቀው ገበሬ ድካምም የዚሁ ጥበት ሌላው ፊቱ ነው፤ ገበሬውን ሳይሰሙ እንስሳውን እንጠብቃለን ማለትም አይሆንም። ስለዚህ ከሊማሊሞ አፋፍ እስከ ጭነቅ፣ ከዳባት ወዲህ ያለውም ደጋ ሳይቀር፣ የስሜኑ ጭላዳ ለብቻው ይቈጠር፣ የአርሲውም ለብቻው፣ የወሎና የሸዋውም ለብቻው፤ ናሙናቸውም በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ላቦራቶሪ፣ የዚህ ተራራ ልጆች ተምረው፣ በገዛ እጃቸው ይነበብ።